የቀፎ ክዳን የያዘ ይለፍ

ይሄን ስሙኝማ። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዛ ብትስቁም ብትቆጡም የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ተናጋሪ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ባጃጅ ላይ ወጣሁ፣ ምላሴ ግን ትምህርት አላቋረጠም።

ሰፈራችን ከቦንጋ ወጥቶ ወደ ማንኪራ ጫካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከተማ ለመግባት አንድ ወንዝ እንሻገራለን። ወንዙ ላይ የብረት ድልድይ አለ፣ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ የእግረኛ መሄጃም የለውም። መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ስለሚጠመዘዝ፣ ዛፉም ስለሚጋርደው፣ ከወዲህ የቆመ ሰው ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። ድሮ ሰው ክላክስ ያደርግ ነበር። ክላክስህን ታሰማለህ፣ ጆሮህን ትሰጣለህ፣ መልስ ከሌለ ትገባለህ። ክረምት ላይ ግን ወንዙ ራሱ ሲጮህ እንኳን የወዲያ ማዶ ክላክስ፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚልህንም አትሰማም።

ከዛ መብራት መጣልን። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጡና በሁለቱ ጫፍ ምሰሶ አቆሙ፣ አናቱ ላይ ሶላር ሰቀሉ፣ ቀይና አረንጓዴ አበሩልን። እኛ ጋ ቀይ ሲሆን ማዶ አረንጓዴ። ወንዙ ከሞላ ደግሞ ሁለቱም ቀይ ይሆናል ተባለ፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ነገር አለው። ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል? እኔን የነደደኝ ሌላ ነው። መብራቱን የሚያዘውን ሳጥን፣ ጠቅላላ የነገሩን አንጎል ማለት ነው፣ የት ተከሉት? ከድልድዩ ስር፣ ወንዙ ከንፈር ላይ። ከሳጥኑ በላይ ባለው ቁጥቋጦ ላይ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ያንጠለጠለው ገለባና ፌስታል በአይን ይታያል።

ባጃጄን አቁሜ ወረድኩና የሚመራቸውን ሰውዬ፣ ያንን ፌስታል እዛ ላይ ማን የሰቀለው ይመስልሃል አልኩት። ወንዙ እንደሆነ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየም።

«ዲዛይኑ ነው» አለኝ።

ዲዛይን ማለት አታውራ ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በጋው በሰላም አለፈ። ውሸት አልናገርም፣ መብራቱን ወደድነው። እናቴ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ወደደችው። እናቴ በገበያ ቀን ኮረሪማና ጥምዝ ይዛ ቦንጋ ትወጣለች። እኔ ነኝ የምወስዳት፣ ከኋላ ከነዘንቢሏ ትቀመጣለች። ቀይ ሲሆን ቆመን፣ እሷ ቆዳውን ለብሶ የተኛ ሽማግሌ ነው እያለች መብራቱን በስድብ ትቀሰቅሰዋለች፣ አረንጓዴ ሲል «ተነሳ፣ ነቃልህ» ትለኛለች። እናቴ ገበያ የምትሄደው ለመሸጥ ብቻ አይደለም። እዛ የምታገኛቸው ሴቶች አሉ፣ ከደካ የምትመጣ አለች፣ ከቢታ ገነት የምትመጣ አለች። ዘንቢላቸውን አጠጋግተው ተቀምጠው የሳምንቱን ወሬ ሲጨርሱ ነው እቃው የሚያልቀው። ገበያ የቀረችበት ሳምንት ቤት ውስጥ ድመቱም ይጨነቃል።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ከዝናብ ጋር ተቃቅፎ መጣ። የዛን ቀኑ ወንዝ ወንዝ አይደለም። ግንድ ተሸክሞ፣ እየተነሳ እየተመታ፣ ድልድዩን በጡንቻው የሚገፋ ነበር የሚመስለው። ሳጥኑ ላይ ማዕበሉ ሲወጣና ሲወርድ ቆመን አየን። ውሃው ሲሸሽ ሳጥኑ በሩ ተጣሞ፣ ጭቃ ጎርሶ፣ አንገቱን ሰብሮ ተገኘ። መብራቱ ግን በርቷል። ደህና ነው ብለን ደስ አለን። ይሄ ደስታችን ነው ሊገድለን የነበረው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። እናቴን ጭኜ ደረስኩ፣ አረንጓዴ ነው፣ ገባሁ። ድልድዩ መሃል ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ፊት ለፊቴ ተገተረ። እሱም ጋ አረንጓዴ ነበር። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲይዝ ድልድዩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ የመኪናው አፍንጫ ከባጃጄ መስታወት በክንድ ርቀት ቆመ። እሱ ወደኋላ መሄድ አይችልም፣ ጭነቱ ከባድ ነው። እናቴ ወረደች። አንድ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ዘንቢሏን በሌላው ይዛ፣ ከስሯ ያ ቡናማ ውሃ እየጮኸ፣ ወደኋላ ሄደች። እኔ ባጃጄን እየገፋሁ ተከተልኳት። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ አረንጓዴ ማየት አትችልም ወይ አለኝ፣ እኔም አንተስ ሰው ማየት አትችልም ወይ አልኩት፣ ከዛ የተባባልነውን እናቴ ስለነበረች አልደግመውም።

ዳር ስንደርስ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና መብራቱን አየችው። 

«ሰው ሲዋሽ ፊቱ ያስታውቃል» አለች። «ይሄ ሲዋሽም አረንጓዴ ነው። እኔ ከእንግዲህ በዚህ ድልድይ አልሄድም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። በባጃጅም አልሄድም፣ በእግርም አልሄድም አለች። የሚቀጥለው ገበያ ቀረች፣ ከዛ የሚቀጥለውም። ኮረሪማውን እኔ ይዤ ሄድኩላት። እነዚያ ሴቶች አዩኝና ምነው እናትህ ታመመች፣ ምነው ተጣላችን እያሉ ጠየቁኝ። መብራት ዋሸባት አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን የእሷን ቦታ አልነኩትም፤ ዘንቢል የሚያህል ክፍት ቦታ በመሃላቸው ትተው ተቀመጡ። ይሄን ስነግራት ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠለች።

መብራቱን የተከለው ቢሮ ጋ ደወልኩ። ፕሮሰስ ላይ ነው አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ። ሪፖርት ተደርጓል አሉኝ። ሪፖርቱ የት ደረሰ ስል ሌላ ሰው አቀበሉኝ፣ ያ ሰው ደግሞ አንተ ማነህ አለኝ። ማን ልሁን? ሊሞት የነበረ ሰው ነኝ አልኩት። ዘጋው።

ይሄኔ ነው አጎቴ የገባበት። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ንብ አናቢ ነው፣ አፉን የሚከፍተው በዓመት ሁለቴ ነው እያልን እንቀልድበታለን። እህቱ ከገበያ ቀርታ ቤት መዋሏን አልወደደውም። ሳጥኑን እናውጣውና እናድርቀው አለኝ። የመንግስት ንብረት ነው ስለው፣ መንግስት ረስቶታል፣ ወንዙም ጨርሶ አልወሰደውም፣ እስከዛ እኛ እንጠብቅለት አለኝ። የባጃጅ ሽቦ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት፣ የሽቦዎቹን ቀለም አይቼ ፈታሁት።

አሁን ያደረግነውን በደንብ ስሙኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ጭቃውን በዶሮ ላባ ጠረግን። እርጥበቱ ግን አልወጣም አለ፣ ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም። አጎቴ ቀፎ ሲያዘጋጅ እንደሚያደርገው ሽታው ደስ የሚል ቅጠል አጨሰና ሳጥኑን ከእሳቱ አርቆ ጭሱ ላይ ደፋው። ውስጡ ደረቀ፣ ሽታውም አማረ። በሩ ተጣሞ ስለነበረ ዳር ዳሩ ክፍተት አለው፣ ዝናብ እንዳይገባ በሰም ደፈነው። አንዲት ጣት የምታህል ቀዳዳ ለሽቦው ቀረች። ከዛ የት እንስቀለው ተባባልን። መሬት ላይ ጎርፍ አለ። አጎቴ ቀና ብሎ ድልድዩ አጠገብ ያለውን ትልቅ ዋንዛ አየ። ከሳጥኑ ወደ መብራቱ የሚሄደው ገመድ መሬት ውስጥ ተጠቅልሎ የተረፈ ነበረው፣ ሲሳብ ደረሰ። አጎቴ ወጣ፣ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ፣ ንፋስ በማያገኘው በኩል፣ በሐረግ ጠፍሮ ሰቀለው።

ሽቦውን ገጠምኩ። ወዲህ ቀይ፣ ወዲያ አረንጓዴ። ቆይቶ ተገለበጠ። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየልን። እኔ ደረቴን ነፍቼ ኢንጅነር በሉኝ እያልኩ ከረምኩ። የውሃ መለኪያው ብቻ ነው ያልሠራው፣ እሱን ወንዙ ጨርሶ ወስዶታል። እናቴን ነይ እይው አልኳት። መጣች፣ አየች።

«አንዴ የዋሸ ሲምል ወዲያው አይታመንም» አለች። «አበባ እስኪወጣ ልየው።»

አበባ ወጣ። ዝናቡ ቆመ፣ ጫካው ነጭና ቢጫ ሆነ፣ ማንኪራ በኩል ያለው ሜዳ ሁሉ ይሸታል። እናቴ ዘንቢሏን አውርዳ አቧራውን አራገፈች፣ የሚመጣው ገበያ እሄዳለሁ አለችኝ። የነጠላዋን ጥለት ሳይቀር አጥባ አሰጣች። በዚያው ሳምንት መብራቱ ይታመም ጀመር። መጀመሪያ ቀዩ ላይ ብዙ ይቆያል፣ ቀጥሎ ይርገበገባል፣ ከዛ ጨለመ። በሁለቱም በኩል፣ ድርግም።

አጎቴን ጠርቼው ዋንዛው ስር ሄድን። እኔ ሽቦ ነው የማየው፣ እሱ የሰማው ድምፅ ነው። ዝም በል አለኝና ጆሮውን ቀና አደረገ። ያቺ ጣት የምታህል ቀዳዳ ላይ ንብ ይገባል፣ ንብ ይወጣል፣ ዘበኛ ሁሉ ቆሞላታል። አጎቴ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ። እንደዛ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። እኔም ያኔ ገባኝ። አጠንነው፣ በሰም ቀባነው፣ ዋንዛ ላይ ሰቀልነው። ለመብራት ብለን ያደረግነው ሁሉ ለንብ የሚደረግ ነው። አጎቴ ጫካ ውስጥ እንዲገቡለት የሚለምናቸው፣ ባዶ የቀሩ ቀፎዎች አሉት። ማንም ሳይለምናቸው የመንግስት ሳጥን ውስጥ ገቡ።

እናውጣቸው አልኩት። ሳቁን አቆመ። እኛ ሰፈር በራሱ የመጣን ንብ ማባረር ነውር ነው፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን እናቴ አለች። ነጠላዋን ለገበያው አጥባለች። ሄጄ ነገርኳት። ዘንቢሏን መልሳ ሰቀለችው። ስቃ ነበር፣ ግን ሰቀለችው።

ከቢሮው አንድ ቴክኒሻን የመጣው ያኔ ነው። ብቻውን በሞተር መጣ፣ አቧራ ለብሶ። እኔ ከክረምት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፣ ለመጀመሪያው ሰው ልዘረግፈው ነው። እሱ ግን ከሞተሩ ወርዶ የጨለመውን ምሰሶ አየ፣ ገመዱን በአይኑ ተከተለ፣ ዋንዛው ላይ ደረሰ።

«ያ የኔ ሳጥን ነው?» አለ።

«አሁንማ የእነሱ ነው» አለው አጎቴ።

ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ እንደ እኔ አጎት ሳቀ። በሚስቅ ሰው ላይ እንዴት ይሰደባል? ስድቤ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሳጥኑን ለማየት ንቡ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረበት፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። እናቴ ቤት አስገባችው። ቆጮ በጎመን አቀረበችለት፣ ብላ ልጄ፣ ሞተር ላይ ነፋስ ነው የበላኸው አለችው። እሱም እየበላ አወራልን። ከዚህ በፊት ውጭ አገር፣ ባቡር ባህሩን ታኮ በሚሄድበት ቦታ የባቡር መብራት ሲጠግን ነበር የኖረው። እዛ ንፋስ ሲነሳ የባህሩ ማዕበል ግንቡን ዘሎ ሀዲዱ ላይ ይፈርሳል አለን። ውሃው ጨው ነው፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሽቦውን አረንጓዴ ሻጋታ አድርጎ ይበላዋል። ከማዕበሉ በኋላ ሳጥን እየከፈቱ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መዝጋት ነው ሥራቸው። እናም በመጨረሻ ሳጥኖቹን ሁሉ ከባህሩ አርቀው ከፍ አድርገው ሰቀሏቸው።

«እንደኛ» አልኩት።

«እንደናንተ። ሰም ብቻ ነው የቀረን» አለኝ።

ታዲያ ሁለቱም ጋ አረንጓዴ ለምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። መብላቱን አቆመ። የባቡር መብራት ሲበላሽ ቀይ ነው መሆን ያለበት፣ ይሄ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ነው፣ እዚህ ያ አልተደረገም አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። እናቴን አላያትም።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘችው።

«መብራቱ ሁሉ ሲጠፋስ ባቡሩን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«አንድ ዱላ አለ እናቴ። ሀዲዱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ዱላውም አንድ ብቻ ነው። ዱላውን እጁ ላይ ያልያዘ ሹፌር አይንቀሳቀስም። ማዶ ሲደርስ ያስረክባል፣ ከማዶ የሚመጣው ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለት ሰው አንድ ዱላ ሊይዝ አይችልም፣ ስለዚህ አይጋጩም።»

 እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ የቀፎ ክዳን ይዛ ነው፣ ከሐረግ የተጠለፈ፣ ክብ፣ ሰፌድ የሚያህል።

«ዱላማ ማገዶ ነው፣ የትም ይወድቃል» አለች። «ይሄን ኪሱ የሚከት ካለ ይክተት።»

ቴክኒሻኑ ክዳኑን አገላብጦ አየው። ቦርሳውን ከፍቶ የሚያንጸባርቅ ፕላስተር አወጣና ዳር ዳሩን ዞረው። እኔ በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ሚስማር መታሁ። ምሰሶው ላይ ክዳኑ ተሰቅሎ ካገኘኸው ወስደህ ትሻገራለህ፣ ማዶ ትሰቅለዋለህ። ከሌለ ትቆማለህ። ተከታትለው የሚሄዱ ከሆነ የመጨረሻው ይይዘዋል። ወንዙ ከሞላ አጎቴ ክዳኑን ቤቱ ይወስደዋል፣ ማንም አያልፍም። በቃ፣ ሲስተሙ ይሄ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጎቴ ዋንዛው ላይ ወጥቶ በሩን በቀስታ ከፈተ። ቴክኒሻኑ መሰላል ላይ ሆኖ አየ። ሽቦው ላይ የማር እንጀራ ተጋግሯል፣ ነጭ ማር ሞልቷል። ሳጥኑ ሞቷል፣ ቀፎው ግን ደህና ነው አለን። ገመዱን ቆርጦ ሳጥኑን ለንቦቹ ተወላቸው። አጎቴም ትንሽ ማር ቆርጦ በቅጠል ጠቀለለና ለአለቆችህ አለው። የእኛ ሪፖርት እንደዛ ሆኖ ነው ቢሮ የገባው።

የገበያው ቀን ደረሰ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዘንቢሏን ይዛ፣ ባጃጁ ላይ ወጣች።  ምሰሶው ጋ ስንደርስ ክዳኑ ተሰቅሏል። ወርጄ አንስቼ ጭኗ ላይ አደረግኩላት። በሁለት እጇ አቀፈችው፣ ልክ ልጅ እንደሚታቀፈው፣ እኔም ገባሁ። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ወደ ውሃው አየች። ወንዙ ቀጭን ሆኗል፣ ድንጋዮቹ ይታያሉ።

«አሁን እንኳን ሰው ይመስላል» አለች። ወንዙን ነው።

ማዶ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከሁሉም መኪና ያው የዛን ቀኑ ሹፌር ነው። መብራቱ ጨለማ ስለሆነ ልገባ ስል ሰው አስቆመኝ እያለ ይነጫነጫል። እናቴ ከባጃጁ ወርዳ ክዳኑን ዘረጋችለት። ክዳኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ።

«እኔ ቀፎ ነኝ እንዴ እትዬ፣ ክዳን የምታሸክሙኝ?»

«ቀፎማ ማር አለው» አለችው። «ያዝና እለፍ።»

አጠገቡ የነበሩት ሰዎች መሬት ላይ ወደቁ ከሳቅ። እሱም ሳቀ፣ ተቀበላት፣ መሪው ላይ አስደግፎት ሄደ። ከዛ ወዲህ ሲያገኘኝ እናትህ እንዴት ናት ነው የሚለኝ፣ ስለዛ ቀኑ ስድብ ሁለታችንም አናነሳም። ያን ቀን ገበያ ውስጥ ሴቶቹ እናቴን ሲያዩ ተጠጋጉ አልተባባሉም። ቦታው እዛው ነበር። ዘንቢሏን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ወሬው ጀመረ። ባጃጄን ጥላ ስር አቁሜ ከሩቅ አየኋት። ደስ አለኝ፣ ምን እላለሁ፣ ደስ አለኝ።

በጋውን ሙሉ በክዳን ተሻገርን፣ አንድም ሰው አልተጋጨም። ሲደርስ ክዳኑን ማዶ የሚያገኘው ሰው ይቆጣል፣ ከወዲያ ሊሻገር የመጣ እግረኛ ይዞለት ይመጣል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ንቦቹም ዋንዛው ላይ ናቸው።

ታዲያ ሰሞኑን ቢሮው ራሱ ደወለልኝ። ደንግጬ ተነሳሁ። አዲስ ሳጥን ተፈቅዷል፣ ከክረምት በፊት ይገጠማል አሉኝ፣ እስከዛው ያንን ክዳን አንሱት፣ ሕጋዊ ምልክት አይደለም። እሺ፣ ሳጥኑን የት ነው የምትተክሉት አልኩ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። እዛው የነበረበት ቦታ ነው አለኝ ሰውዬው፣ ዲዛይኑ አልተቀየረም።

ያ ፌስታል እኮ ዛሬም ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፣ የአምናው ክረምት ደግሞ ከሱ በላይ ሌላ ሰቅሏል። ስለዚህ እናንተን፣ የቢሮውን ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ዲዛይን ብላችሁ ሳትዘጉብኝ መልሱልኝ፦ በሚመጣው ክረምት ወንዙ ሳጥናችሁን ሲውጠው፣ መብራታችሁም በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ሲሆን፣ ከእናንተ መሃል ማን ነው መጥቶ እናቴ አጠገብ ባጃጁ ላይ የሚቀመጠው?